የፍርድ ደጅ ለድኻ ክፍት ስለ መሆኑ

ምስጋና ሁሉ በፍርዱ ግፍ ለሌለበት፥ የተበዳይንም ልመና ያለ ደጅ ጠባቂ ለሚሰማ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ! አንድ ሰው መቶ ብር ተበድሎ፥ ያንን መቶ ብር ለማስመለስ መቶ ኀምሳ ብር ማውጣት የሚያስፈልገው ከሆነ፥ ይህ ሰው መብት አለው ትላለህን? በሕግ መጽሐፍ ላይ አለው፤ በቤቱና በመሶቡ ግን የለውም። የበደለውም ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ዕዳውን አይክድም፤ በሐሰትም አይምልም። «ሂድና ክሰሰኝ» ብቻ ይለዋል። ይህች አጭር ቃል ስንቱን ተበዳይ አንገቱን አስደፍታ ወደ ቤቱ እንደ መለሰችው አስብ። ቃሏን የሚናገራት ሰው ፍርድ ቤትን አክብሮ አይደለም፤ የፍርድ ቤት መንገድ ለባለ ጋራው ሩቅና ውድ መሆኑን ተማምኖ ነው እንጂ።

የመንገዱ ዋጋ ምን እንደሆነ ገበያ የሚውል ሰው ያውቀዋል። ማመልከቻ ጸሐፊው የሚቀበለው አለ፤ የዳኝነት ገንዘብ አለ፤ የቴምብርና የግልባጭ ዋጋ አለ፤ መጥሪያ የሚያደርስ ሰው፥ ምስክር የሚያመጣ መኪና፥ ነገር የሚያቀና ጠበቃ አለ። ከዚህም ሁሉ የሚከብደው ቀጠሮ ነው። ለባለ ሱቅ ቀጠሮ ማለት ልጁን ወይም ጸሐፊውን ሱቅ ላይ አስቀምጦ መሄድ ነው፤ ለኩሊ ግን የዚያን ቀን እንጀራ ማጣት ነው። ስለዚህ ባለጠጋውና ድኻው በአንድ ችሎት ፊት እኩል ቆመው ብታያቸው፥ ወደዚያ ለመድረስ የከፈሉት እኩል ነው ብለህ አትታለል።

አሁን ከነቢይነት በፊት በመካ የሆነውን ነገር ላስታውስህ። ነገሩ የነጋዴ ነገር ነውና አንተን በተለይ ይመለከትሃል። ከየመን ከዙበይድ ጎሣ የሆነ አንድ ሰው ሸቀጡን ጭኖ መካ ገባ። ዓስ ኢብኑ ዋኢል የተባለው የቁረይሽ ታላቅ ሰው ሸቀጡን ከገዛው በኋላ ዋጋውን ከለከለው። ሻጩ እንግዳ ነው፤ ጎሣው ሩቅ ነው። በዚያን ዘመን በመካ የሰውን መብት የሚያስከብርለት የወገኑ ብዛት ነበረ፤ እርሱ ደግሞ በከተማይቱ ውስጥ ወገን የለውም። ወደ ታላላቆቹ ቤቶች ሄዶ አመለከተ፤ እነርሱ ግን ዓስን አክብረው ፊታቸውን አዞሩበት። በመጨረሻም ቁረይሾች በካዕባ አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ፥ አቡ ቁበይስ በሚባለው ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን በታላቅ ድምፅ አሰማ።

ይህን ጩኸት ሰምተው ከተነሡት መካከል የነቢዩ አጎት ዙበይር ኢብኑ ዐብደል ሙጠሊብ ነበሩ። ጥቂት ጎሣዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰበሰቡ። የአገሩ ሰውም ይሁን እንግዳ፥ በመካ ውስጥ የተበደለ ሰው ቢገኝ መብቱ እስኪመለስለት ድረስ ከእርሱ ጋር እንደ አንድ እጅ ሊቆሙ ተማማሉ። ከዚያም ወደ ዓስ ሄደው የእንግዳውን ሸቀጥ ከእጁ ወስደው ለባለቤቱ መለሱለት። ይህ ቃል ኪዳን «ሒልፈል ፉዱል» ተባለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያን ጊዜ ገና የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ሆነው በስብሰባው ላይ ተገኝተዋል። ነቢይ ከሆኑም በኋላ ያን ቃል ኪዳን ውድ በሆኑት በቀይ ግመሎች እንኳ እንደማይለውጡት፥ በእስልምናም ዘመን ወደ እንዲህ ያለ ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ መናገራቸው ተላልፎልናል።

ልብ በል! ያ እንግዳ ተራራ ከመውጣት በቀር ምንም አልከፈለም። የተማማሉትም ሰዎች ከእርሱ ዋጋ አልጠየቁም፤ ሸቀጡን ሲያስመልሱለት ድርሻ አላነሡም። እነርሱም ራሳቸው የነጋዴ ልጆች ነበሩ። እንደሚመስለኝ፥ እንግዳ ሰው ዋጋውን የሚከለከልበት ገበያ ቀስ በቀስ እንግዳ የማይመጣበት ገበያ እንደሚሆን ገብቷቸዋል። የነቢዩ ምስጋና ግን ከንግድ ብልኀት በላይ ለሆነ ነገር ነው፤ አመስጋኙ ኪዳኑን ያመሰገኑት ሰዎቹ ገና ጣዖት በሚያመልኩበት ጊዜ የገቡት ሆኖ ሳለ ነውና። ተበዳይን ያለ ዋጋ መርዳት በማናቸውም ዘመን፥ በማናቸውም ሰው እጅ ቢሠራ መልካም ነው።

በእስልምና ዘመን ይህ ሥራ ወደ ዳኝነት ሥርዓት ገባ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ጻፉት ተብሎ የተላለፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ የቃዲዎች መማሪያ ሆኖ ይኖራል። ዑመር በዚያ ደብዳቤ ዳኛው በፊቱ አቀባበል፥ በአቀማመጡና በፍርዱ ባለ ጉዳዮችን እኩል እንዲያደርግ ያዙታል፤ ምክንያቱንም ሲሰጡ ኃይለኛው በዳኛው አድልዎ እንዳይመካ፥ ደካማውም ከፍርዱ ተስፋ እንዳይቈርጥ ነው ይላሉ። ማስረጃ በከሳሽ ላይ፥ መሐላ በካጅ ላይ እንደሆነ ይነግሩታል። ማስረጃዬ ሩቅ ነው ለሚል ሰው የተወሰነ ቀን ይስጠው ይላሉ። የተወሰነ የሚለውን ቃል አስተውል፤ ማለቂያ የሌለው ቀጠሮ ለበዳይ የተሰጠ ስጦታ ነውና። የቃዲዎችም መተዳደሪያ ከበይተል ማል፥ ማለት ከሕዝብ ግምጃ ቤት፥ እንዲሰጥ የተደረገው ስለዚሁ ነው። ዳኛው ከባለ ጉዳይ ኪስ የሚበላ ከሆነ፥ ብዙ ያለው ሰው ብዙ ያበላዋል።

የቋንቋ ዋጋም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ውርስ ለሚከራከሩና ማስረጃ ለሌላቸው ሁለት ሰዎች እርሳቸውም ሰው እንደሆኑ፥ ከተከራካሪዎች አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፥ እርሳቸውም በሰሙት መጠን እንደሚፈርዱ፥ በዚህ ምክንያት የወንድሙ መብት የተፈረደለት ሰው ግን የእሳት ቍራጭ እንደወሰደ እንዲያውቅ ነገሯቸው። ሁለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዱም ድርሻዬ ለወንድሜ ይሁን አለ። በምድር ላይ ከነቢዩ የተሻለ ዳኛ አልነበረም፤ እርሳቸው እንኳ የአንደበትን ጉልበት እንዲህ ከፈሩት፥ ዛሬ አንደበት በገንዘብ በሚከራይበት ዘመን ምን እንበል?

በዚህ ቃል ጠበቆችን ማውገዜ አይደለም። በክርክር ሰውን መወከል የተፈቀደ ነው፤ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ራሳቸው ወንድማቸውን ዐቂልን ይወክሉ እንደ ነበር ተወርቷል። ጠበቃ ለደካማው ምላስ ሲሆነው የተቀደሰ ሥራ ነው። እኔ የምናገረው ዕዳ እንዳለበት ልቡ እያወቀ፥ ባለ ጋራው እስኪሰለች ድረስ ቀጠሮ እንዲያራዝምለት ጠበቃ ስለሚገዛው ሰው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ ግፍ እንደሆነ ተናግረዋል። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮውን ስለ ፈቀደለት ግፉ ሐላል አይሆንለትም። ወንድሜ ሆይ! በሱቅህ ውስጥ የሚሠራ ልጅ የሦስት ወር ደመወዝ ሲጠይቅህ «ክሰሰኝ» ብለኸው ታውቃለህን? ለራስህ መልስ፤ እኔ አልሰማህም።

አሁን ደግሞ የፍርድ ደጅ በእውነት ሲከፈት ምን እንደሚሆን ተመልከት። በሶርያ የነገሠው ኑረዲን ማሕሙድ በ1174 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሞተ ሲሆን፥ በዘመኑ በደማስቆ «ዳረል ዐድል»፥ ማለትም የፍትሕ ቤት፥ የተባለ ቤት አሠርቶ ነበር። በተወሰኑ የሳምንት ቀናት ራሱ ከቃዲዎችና ከሊቃውንት ጋር ተቀምጦ የተበዳዮችን አቤቱታ ይሰማ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ኢብነል አሢር ስለዚህ ቤት የጻፈው ነገር በጣም ያስደንቀኛል። የጦር አለቆቹ በግዛታቸው እየበረቱ በጎረቤቶቻቸው መሬት ላይ ይገፉ ነበር፤ ከሁሉም የሚበልጠው አሰደዲን ሺርኩህ ነበረ። ሺርኩህ የቤቱን መሠራት በሰማ ጊዜ ይህ ቤት የተሠራው ለእኔ ነው አለ። የርስቱን ሹሞች ሰብስቦ፥ በእርሱ ላይ ክርክር ያለበትን ሰው ሁሉ ፈልገው በማናቸውም ዋጋ እንዲያስታርቁ፥ በአንዱ ሹም ምክንያት ወደ ችሎት ቢጠራ ያን ሹም እንደሚሰቅለው ነገራቸው። ሹሞቹም እንደታዘዙት አደረጉ። ኑረዲን በችሎት በተቀመጠ ጊዜ በሺርኩህ ላይ አንድም ከሳሽ አልመጣም፤ ለምን እንደሆነ ሲነገረውም አላህን አመሰገነ።

እነዚያ መሬታቸው የተመለሰላቸው ሰዎች ማመልከቻ አልጻፉም፤ የችሎቱን ደጅ አልረገጡም፤ ምናልባት ብዙዎቹ ወደ ደማስቆ እንኳ አልሄዱም። መብታቸው የተመለሰላቸው ደጁ ክፍት መሆኑን በዳያቸው ስላወቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ለድኻ ፍርድ ቤቱን ቢያቀልሉለት ችሎቱ በከሳሽ ይጥለቀለቃል ብለው የሚሰጉ ሰዎች የነገሩን ግማሽ ብቻ አይተዋል። ክስ መመሥረት ቀላል በሆነበት አገር ባለዕዳ በቤቱ ሳለ ይከፍላል። ክስ መመሥረት ውድ በሆነበት አገር ግን ክሱም ይቀራል፥ ዕዳውም ይቀራል፤ ቂሙ ብቻ ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እኛ ሽማግሌዎች አሉን፤ ሱልሕ ከፍርድ ይሻላል» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እርቅ መልካም ነው፤ ዑመርም ፍርድ በሰዎች መካከል ቂም ስለሚያመጣ ዘመዳሞች በተከራከሩ ጊዜ እርቅ እንዲቀድም ይመክሩ እንደ ነበር ተላልፏል። ነገር ግን እርቅ የተባለ ሁሉ እርቅ አይደለም። ባሏ የሞተባትን ሴት አስብ። የባሏ ሸሪክ የሟቹን ካፒታል ይዞ ተቀምጧል። ሽማግሌዎች በቤቷ ተሰብስበው ቡና ጠጥተው «እኅታችን፥ ግማሹን ውሰጂና ነገሩን ተዪው፤ ፍርድ ቤት ብትሄጂ ዓመታት ይፈጃል፤ ልጆችሽስ ምን ይበላሉ?» ይሏታል። እርሷም ታለቅሳለች፤ ትፈርማለችም። ይህ እርቅ ነውን?

እኔ አንድ መለኪያ አለኝ። ሽማግሌ ሆነህ በተቀመጥህ ጊዜ ራስህን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ ፍርድ ቤቱ ከዚህች ሴት ደጅ አጠገብ ቢሆንና ምንም የማያስከፍል ቢሆን፥ ይህን ስምምነት ትቀበለው ነበርን? ትቀበለው ነበር የምትል ከሆነ እርቅህ እርቅ ነው። አትቀበለውም ነበር የምትል ከሆነ ግን ያስታረቅሃት ከሸሪኩ ጋር አይደለም፤ ከድኽነቷ ጋር ነው። የየቲሞች ገንዘብ ደግሞ የእናታቸው አይደለምና፥ እርሷ በፍርሃት ብትተወው እንኳ ያ ሸሪክ ከአላህ ፊት አያመልጥም፤ በአስታራቂነት የመሰከረውም ሰው ይጠየቃል። ሱልሕ በሁለቱም ወገን ኃይል ሲኖር ያማረ ነው። ስለዚህ የፍርድ ደጅ መከፈት የሽምግልናን ክብር የሚቀንስ አይደለም፤ ሽማግሌውን ከኃይለኛው ጫና ነጻ የሚያወጣው እርሱ ነው።

ሴቶች በዚህ ነገር የቀደመ ማስረጃ አላቸው። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ባሏ በቀድሞው ልማድ በራቃት ጊዜ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሷ መጥታ፥ ያለ አማላጅና ያለ ወኪል ተከራከረች። ስለ እርሷም የቁርኣን ቃል ወረደ፤ ያ ሱራ እስከ ዛሬ በተከራካሪዪቱ ስም ይጠራል። ዑመርም በኸሊፋነታቸው ዘመን በመንገድ ላይ ብታስቆማቸው ታላላቅ ሰዎችን አቁመው ቃሏን እስክትጨርስ ድረስ ይሰሟት ነበር። ዛሬ አንዲት እናት ስለ ልጇ ቀለብ ለማመልከት ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ስትንከራተት ሳይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በግብፅ በ2000 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ሕግ ቁጥር 1 የቀለብ ክሶችን ከዳኝነት ገንዘብ ነጻ አድርጓቸዋል፤ በ2004ም የወጣው ሕግ ቁጥር 10 የቤተ ሰብ ፍርድ ቤቶችን አቋቁሞ ከክስ በፊት የሚያስማማ ጽሕፈት ቤት አደራጅቷል። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ሕግ ከወጣ በኋላ መስኮቶቹን የሚያሳጥር ሰው ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ይሆናል።

(ተርጓሚው ስለ አገራችን ጥቂት ቃል እዚህ ላይ ይጨምራል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ፥ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድኽነቱን አስረድቶ በድኻ ደንብ ክስ ለማቅረብ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል ይላል። ይህን የማያውቁ ስንት ተበዳዮች አሉ! በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ የታወቁት የቃዲዎች ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 በፌዴራል ደረጃ ተጠናክረው ተደራጅተዋል፤ የኒካሕን፥ የፍቺን፥ የቀለብን፥ የውርስን፥ የወቅፍንና የመሳሰለውን ጉዳይ የሚያዩትም ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ሲቀበሏቸው ብቻ ነው። የሸቀጥና የብድር ክርክር ግን የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የሕግ ትምህርት ቤቶችም አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡባቸውን ማዕከሎች ከፍተዋል። ማንበብ የማይችለውን ጎረቤትህን ወደዚያ መምራት ሶደቃ ነው።)

ወደ ነገራችን እንመለስ። መንገደኛው ኢብኑ በጡታ በ1326 ደማስቆ በገባ ጊዜ የወቅፎቿ ብዛትና ዓይነት አስደንቆት ጽፏል። ሐጅ ለማድረግ አቅም ለሌላቸው፥ ድኻ ሙሽሮችን ለመዳር፥ ምርኮኞችን ለማስፈታት፥ ለመንገደኞችና ለመንገድ ጥገና የተሰጡ ወቅፎች ነበሩ። አንድ ቀን በመንገድ ሲሄድ አንድ ትንሽ አሽከር ይዞት የነበረው የቻይና ሸክላ ሳህን ወድቆ ሲሰበርበት አየ። ሰዎች ተሰብስበው ስብርባሪውን ለቅሞ ወደ ዕቃዎች ወቅፍ ኃላፊ እንዲወስደው ነገሩት፤ ኃላፊውም ስብርባሪውን አይቶ የሳህኑን ዋጋ ሰጠው። ልጁ ከጌታው ቍጣና ዱላ ዳነ።

ለተሰበረ ሳህን ወቅፍ ያቆሙ ሰዎች እንዴት ያለ ልብ ነበራቸው! እኛ ለመስጊድ ምንጣፍ፥ ለውዱእ ውኃ፥ ለረመዳን ማፍጠሪያ እናወጣለን፤ አላህ ይቀበለን። ግን በገበያችን ካሉት ነጋዴዎች አሥሩ ተስማምተው የየቲሞችን ማመልከቻ የሚጽፍ፥ የዳኝነት ገንዘባቸውን የሚከፍል፥ ጠበቃ የሚያቆምላቸው አንዲት የኪራይ ሱቅ ወቅፍ ቢያደርጉ ምን ይጎድልባቸዋል? የአንዲት ሱቅ የወር ኪራይ የስንት ሰው ውርስ ያስመልሳል! የወቅፉ ኃላፊም የሚረዳው ሰው ከወቃፊዎቹ አንዱን የሚከስ ቢሆን እንኳ እንዳይከለክለው በወቅፉ ውል ላይ ይጻፍ። ይህን ቃል ለመጻፍ እጁ የሚንቀጠቀጥ ነጋዴ ቢኖር፥ ወቅፉን ከማቆሙ በፊት የዕዳ መዝገቡን ይመልከት።

ከሁሉ በፊት ግን ክርክሩ እንዳይነሣ ማድረግ በእጅህ ነው። በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ የሚረዝመው ስለ ጸሎት ወይም ስለ ጾም የሚናገር አይደለም፤ ስለ ዱቤ ጽሑፍ ነው። በአልበቀራ ሱራ የሚገኘው ይህ አንቀጽ ጊዜ የተወሰነለት ዕዳ እንዲጻፍ፥ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍና አልጽፍም እንዳይል፥ ዕዳውንም ባለዕዳው ራሱ እየተናገረ እንዲያስጽፈው፥ እርሱ ደካማ ከሆነ ኃላፊው እንዲያስጽፍለት፥ ምስክሮች እንዲቆሙ፥ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳይሰለቹ ያዛል። ትንሽም ይሁን የሚለው ለድኻው ሲባል ይመስለኛል፤ የባለጠጋ ዕዳ ሁልጊዜ ይጻፋልና። የቀን ሠራተኛህን ደመወዝ፥ ከገጠር መጥታ ቅቤዋን በዱቤ የሰጠችህን ሴት ሒሳብ፥ በሁለት ወረቀት ጽፈህ አንዱን ለእርሷ ስጣት። ማንበብ ባትችል ለሚያነብላት ልጅ ታሳየዋለች። የዚህ ወረቀት ዋጋ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ ግን ከስንት ቀጠሮ ያድናታል።

ባለዕዳው በእውነት ያጣ እንደሆነ ደግሞ እስኪሻለው ድረስ ጊዜ እንድትሰጠው፥ ብትተውለትም ለአንተ የተሻለ እንደሆነ በዚያው ሱራ ታዘሃል። የፍርድ ደጅ መርከስ አበዳሪው ድኻውን በየቀኑ እንዲጎትተው አይደለም። ያለውን የሚደብቅና የሌለው ሰው አንድ አይደሉም፤ ለመለየትም ዳኛ ያስፈልጋል፤ ዳኛውም በቀላሉ የሚደረስበት መሆን ይገባዋል።

ያው አንቀጽ ጸሐፊና ምስክር እንዳይጎዱ ይከለክላል። ስለ ምስክር ይህን ልበልና ልጨርስ። የጭነት መኪና ረዳት የሆነ ሰው ላየው ነገር ምስክር ተብሎ ሲጠራ ሁለት ቀን ሥራ ያጣል፤ ደግሞ ችሎቱ ሳይቀመጥ ቀርቶ ለሌላ ቀን ይመለሳል። በሁለተኛው ጊዜ ባይመጣ አትፍረድበት። ምስክርነትን በዋጋ መሸጥ ሐራም ነው፤ የመንገዱን ሒሳብና የዕለት ስንቁን መቀበልን ግን ብዙ ሊቃውንት ፈቅደዋል። ባለ ጉዳዩ ሚስኪን ከሆነ ይህን ሒሳብ ከሱቅህ መሳቢያ አውጥተህ በሰው ፊት ስጠው። ችሎት ገብቶ ስለሚናገረው ቃል ግን ከምስክሩ ጋር አንድም ነገር አትነጋገር።